የጋሽ መኮንን የክላስ ቦርሳ

ስልሳ ዓመት አልፎት ደብተር የሚሸከም ተማሪ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ካላያችሁ እዚህ ሰፈራችን፣ ቴሌግራፍ አቬኑ ብቅ በሉና ከጋሽ መኮንን ጋር ላስተዋውቃችሁ። ፍሪሞንት ከተማ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ሃያ ዓመት ሙሉ የቦርሳ ዚፕ ሲሰፉ ኖሩ። አንድ ቀን ፋብሪካው ሥራውን ጠቅልሎ ባሕር ማዶ ወሰደው። መንግሥትም አዘነላቸው፤ «ሥራዎን የውጭ ንግድ ከወሰደብዎ፣ ሌላ ሙያ የማስተምርዎ እኔ ነኝ» አላቸው። ከዚያ ወዲህ ኮምፒውተር ተማሩ፣ የሆስፒታል ፋይል አያያዝ ተማሩ፤ አሁን ደግሞ የፍሪጅ ጥገና ላይ ናቸው። ሰርተፊኬቱ ግድግዳ ሞልቷል። መምህሩ ሲያስረዳ ግን ቀኝ እግራቸው ከጠረጴዛው ሥር የሌለ የስፌት መኪና ፔዳል ይረግጣል። ይህን የሚያስረሳ ኮርስ ይኖር ይሆን? እኔ ምን አውቄ!

ባለፈው ቅዳሜ «ለክላስ ቦርሳ ልገዛ ነው፣ ራይድ ስጠኝ» አሉኝና በመኪናዬ ኤመሪቪል አንድ የቦርሳ መደብር ወሰድኳቸው። መደርደሪያው ፊት ሲቆሙ ተማሪነታቸው ጠፋ። ቦርሳውን ሁሉ እየገለበጡ የውስጡን ስፌት እንደ ሐኪም ይዳስሱ ጀመር። ሻጯ ልትረዳቸው መጥታ፣ ፊታቸውን አይታ ተመለሰች። በመጨረሻ አንዱ ላይ፣ ዚፑ የሚያልቅበት ጋ፣ ክር የዘለለ አገኙ።

«በሉ ደስ ይበልዎ! ያለ እርስዎ አልሆነላቸውም» አልኳቸው።

አልሳቁም። «ይሄን የሰፋችው ልጅ አዲስ ናት» አሉ፣ ስፌቱን በአውራ ጣታቸው እያሻሹ። «መታጠፊያው ላይ ትቸኩላለች። አጠገቧ ብሆን በአንድ ቀን አሳያት ነበር።»

ደህናውን ላነሳላቸው ስል እጄን ያዙኝ።

«ተው፣ ይሄንኑ ነው የምወስደው። ሌላ ሰው ገዝቶ ሪተርን ብሎ ቢመልሰው እሷን ይቆጧታል።»