አንገት ላይ የታሰረች መጽሔት

መጽሔት አዘጋጅ ሁሉ አንድ ነገር ይመኛል፤ አንባቢው መጽሔቱን እንዳይጥልበት። እኔ ይህን ክብር ያገኘሁት ገና በመጀመሪያው እትሜ ነው። ኋላ አዲስ አበባ ገብቼ በመጽሔት ሥራ ስሸብት እንኳ እንደዚያ ያለ ደንበኛ አላጋጠመኝም። ልኩራ? እኮራለሁ እንጂ!

ዘመኑ የጣሊያን ነው። መሪጌታው አባቴ ወንድ ልጅ ስላልነበራቸው ጽሕፈቱን ለእኔ አስተምረውኛል። እኔም ቡሬ ገጠር ተቀምጬ የአርበኞቹን ወሬ በእጄ እየገለበጥሁ አሥራ ሁለት ቅጂ አወጣሁ። ማተሚያ ቤቱ እኔ፣ አራሚዋ እኔ፣ ዋና አዘጋጇም እኔ! ፍተሻ እንዳይዛት እንደ ክታብ ጠቅልዬ በቆዳ ሰፋኋት። ቅቤ ነጋዴዋ ጎረቤታችን ለየቄሱ ቤት ልታደርስልኝ ስትሄድ፣ ኬላ ላይ ያለው ባንዳ ቅቤውን በእንጨት እየወጋ ፈተሸ፤ ክታቦቹን ሲያይ ግን እጁን ሰበሰበ። ማን ይደፍራል?

ከወሬው ሁሉ የሚበልጠው፣ ጣሊያን ቅዳሜ ቡሬ ገበያ ላይ በቅሎ ሊቀማ ነውና በቅሏችሁን ከቤት አታውጡ የሚለው ነበር።

ዓርብ ጠዋት የአንባቢ አስተያየት ልሰበስብ እመት የውብዳር ቤት ሄድሁ። ባለቤታቸው ቄሱ ለነገው ገበያ የበቅሏቸውን የጭነት ገመድ ያዘጋጃሉ። ደነገጥሁ። እመት የውብዳር ግን መጽሔቴን አንገታቸው ላይ እያሳዩ መረቁኝ፤ ካሰሯት ወዲህ ራስ ምታታቸው ድራሹ ጠፍቷል። አንብበዋት እንደሆነ ብጠይቃቸው ሳቁብኝ።

«ምን ነካሽ ልጄ፣ ክታብ ተከፍቶ ይነበባል? ኃይሉ አይሄድም?»

ለካ ለቅቤ ነጋዴዋ «ደብቀው ይያዟት» ብለሽ ንገሪልኝ ስል፣ «ቀደው ያንብቧት» የሚለውን ረስቻለሁ! በሙያዬ የመጀመሪያው ስህተት ይኸው ነው። ትከፈት ብላቸው እንቢ ቢሉኝ ስፌቱን በጥርሴ በጠስሁት። ቄሱ አነበቡና ገመዱን ጣሉ። ከዚያ እስኪመሽ ቤት ለቤት እየሮጥሁ የቀሩትን አሥራ አንዱንም ፈታሁ፤ አንዷም ተከፍታ አልጠበቀችኝም። መጽሔቱን በጥርሱ የከፈተ አዘጋጅ እስቲ ጥሩልኝ?

ቅዳሜ ጣሊያን ገበያውን ከቦ የስንቱን በቅሎ ነዳ፤ ከእነዚያ አሥራ ሁለት ቤቶች ግን አንዲትም አልወሰደም። እሑድ ከቅዳሴ መልስ እመት የውብዳርን ደጃችን ቆመው ሳይ፣ ሊያመሰግኑኝ የመጡ መስሎኝ ነጠላዬን አስተካክዬ ወጣሁ።

የተቀደደችውን መጽሔት ዘረጉልኝ። በቅሎዋስ ተርፋለች፤ ራስ ምታታቸው ግን ከተነበበች ወዲህ አላስቀምጥ አላስተኛ ብሏቸዋል።

«በይ መልሰሽ ስፊያት» አሉኝ፣ «ሁለተኛም እንዳታስነብቢብኝ!»

ሰፋኋት።