የተሾመው አፍንጫ

የጫካውን ዘበኛ የሰደቡት ክቡር ኃላፊው ናቸው። ዕለቱ ማክሰኞ፣ ከምሳ በፊት፣ ሪባኑ ተቆርጦ ማይክሮፎኑ ገና ሳይጠፋ ነበር። የተጠራጠረ ካለ ራሱን ዘበኛውን ይጠይቅ፤ ከዚያ ወዲህ ሌላ ወሬ የለውም።

ሪባኑ የተቆረጠው ጫካው ዳር ለተተከለው የአየር መለኪያ ሣጥን ነው። ጫካው ለጭስ ስስ መሆኑ በመመሪያ ጸድቋል። የማዳበሪያ ፋብሪካው ጭስ ከተወሰነለት ጣሪያ ካለፈ፣ ከየቅርንጫፉ እንደ ጢም የሚንጠለጠለው የዛፍ ሽበት ይረግፋል። ስለዚህ ጣሪያው ሲታለፍ ሣጥኑ ላይ ቀይ መብራት ይበራል፤ ፋብሪካውም ይቆማል። ለሽበት እንኳ እንዲህ የሚጨነቅ መሥሪያ ቤት ዕድሜውን ያርዝመው!

ያን ዕለት ዘበኛው ከሰው መሃል ብቅ ብሎ፣ «ጌታዬ፣ አሁንም እኮ ይሸታል» አለ።

«አንተን ደግሞ አፍንጫህን መሣሪያ ያደረገው ማነው?» አሉ ኃላፊው። ድምፅ ማጉያው ለጫካው ሁሉ አዳረሰው። ሕዝቡ ሳቀ። ከሁሉ አብልጦ የሳቀው የኃላፊው ሾፌር፣ የዘበኛው የገዛ ሚስቱ ወንድም ነበር። ሰው ስንት ስድብ እንደሚችል ጣሪያ ያወጣ መመሪያ ደግሞ የለም።

ከዚያ በኋላ ዘበኛው ጫካውን ትቶ ቀዩን መብራት መጠበቅ ያዘ። ሽበቱ እፍኝ እፍኝ ሲረግፍ ልቡ ቅቤ ይጠጣል።

«ይርገፍ! ማን እንደሚያፍር እናያለን።»

«ኧረ አንተ ሰውዬ፣ ይሄ ሳል ይደፋሃል» ትለዋለች ሚስቱ።

«መብራቱን ሳላይ? አልሞትም!»

መብራቱም በራ። ኃላፊው አስቸኳይ ስብሰባ ጠሩ። ስብሰባው በጉዳዩ ላይ በስፋትና በጥልቀት ከመከረ በኋላ ጥፋቱ የጣሪያው ሆኖ አገኘው፤ ሲጀመር ዝቅ ብሎ ነው የተሠራው። ከፍ ተደረገ። መብራቱ ጠፋ፤ አየሩ ተሻሻለ ተብሎ ተጨበጨበ። ብዙም ሳይቆይ እንደገና ቦግ አለ። አሁን የተገኘው መፍትሔ ሳይንሳዊ ነበር፦ ውድ የሕዝብ ንብረት የሆነው ሣጥን በብክለት እንዳይጎዳ በወፍራም ሸራ ይጠቅለል ተባለ። ሣጥኑ እዚያው ሸራው ውስጥ ታፍኖ፣ ግሎ፣ ተቃጠለ። ለጤናው ሲባል የሞተ ሣጥን ከእሱ በፊት የነበረ አይመስልም።

ክፋቱ፣ በማግስቱ የበላይ ጎብኚዎች መጡ። መለኪያው የታል ቢሉ ምን ይባላል? ኃላፊው ግን መላ አያጡም። ዘበኛውን ትከሻውን አቅፈው ወደ ማይክሮፎኑ አቀረቡት።

«ክቡራን እንግዶች! እኛ ከሣጥን ወደ ሰው ተሸጋግረናል። ይህ ወንድማችን አፍንጫው በይፋ የተሾመ የአየር ምዘና ባለሙያ ነው። እሱ ቅሬታ ካለው ጣሪያው ታልፏልና ፋብሪካው ዛሬውኑ ይቆማል። ከሌለው አልታለፈም።» ወደ እሱ ዞር አሉ። «እስቲ ጋሼ ይንገሩን፤ ይሸታል፣ አይሸትም?»

ጋሼ ተባለ! በዚያው ማይክሮፎን! የሚስቱ ወንድም ከመኪናው ወርዶ አፉን ከፍቶ ያያል። ሽታው ዓይን ያስለቅሳል፤ አንዲት እንግዳ መሐረቧን አፍንጫዋ ላይ ለጥፋለች። ከዘበኛው የሚጠበቀው አንዲት ቃል ናት።

ዘበኛው ግን ሆዱ ውስጥ ያለችው ያቺው ማክሰኞ ናት። ያን ሁሉ ሕዝብ አስቀውበት፣ ዛሬ ሲቸግራቸው ጋሼ? ጠይቀውት ወዲያው ሊመልስ? ምን በወጣው! ቆመው ይቅለጡ እንጂ! ኃላፊውን ከእግር እስከ ራስ ገላመጣቸው፤ የመጣበትን ሳል ዋጥ አደረገ፤ ጀርባውን ሰጥቶም መንገዱን ቀጠለ።

ኃላፊው በዚህ ጊዜስ ማይክሮፎኑን በመዳፋቸው ሸፈን አደረጉ።

«ቅሬታ የለውም። ይመዝገብ» አሏት ለጸሐፊያቸው።

ጸሐፊዋ የመዘገበችውን ለእንግዶቹ ስታሳይ ጭብጨባው ቀለጠ። ዘበኛው ለእሱ መስሎት አንገቱን ይበልጥ ቀና አድርጎ፣ ትከሻው ላይ የረገፈውን ሽበት እንኳ ሳያራግፍ፣ ሄደ።