የሩር ደጃዝማች

በየአገሩ አንድ ሰው አይጠፋም፤ እግሩ ከሜዳ ከወጣ ዘመን ያለፈው፣ አፉ ግን እስከ ዛሬ የሚጫወት። ልጆች ጨርቅ ጠቅልለው ሲራገጡ ካየ አላፊ አግዳሚውን አስቁሞ ስህተታቸውን ያስረዳል። ሁለት በሬዎች ቢዋጉ እንኳ ተሸናፊው በሬ የት ላይ እንዳጠፋ የሚነግራችሁ እሱ ነው። ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። አንዳንዶቻችሁማ አግብታችሁታል።

የመቱዋ እትዬ ሀረገወይን አግብተውታል። የእሳቸው ድርሻ ክቡር ጋሼ አምባዬ ነበሩ፤ የከተማው ሰው «የሩር ደጃዝማች» የሚላቸው። ማዕረጉን የሰጣቸው መንግሥት ሳይሆን ገበያው ነው። ቢሆንም ሲጠሩበት ደረታቸውን ነፋ አድርገው «አቤት!» ይላሉ። ሩር እንግዲህ በገና ዕለት በቆልማማ ዱላ የሚለጋው፣ ከወይራ ሥር የሚጠረበው ድቡልቡል ነው። ጋሼ አምባዬ በጉብዝናቸው ወራት ሩር ሊለጉ ዱላ ሲያነሱ የመቱም የኖፓም ጎረምሳ ጭንቅላቱን በእጁ ይሸፍን ነበር ይባላል። ማን ይላል? ራሳቸው!

በተለይ አንዲት ምት አለቻቸው። እትዬ ሀረገወይንን ያገቡ ሰሞን ሩሯ ያረፈችው ገበያው ዳር ነበር። የበኩር ልጃቸው ክርስትና ሲነሳ ሶር ወንዝን ተሻገረች። የመጨረሻዋ ልጅ በተዳረች ዕለት ደግሞ ያዮ ጫካ ዘልቃ፣ ከዛፍ ላይ ቀፎ አውርዳ፣ ማር ተለቅልቃ ተገኘች።

«ኧረ በቃ፣ እዚያው ያዮ ትረፍ! ወለጋ ገብታ ሌላ ጣጣ እንዳታመጣብን» አሉ እትዬ ሀረገወይን፣ ለሠርገኛው ወጥ እየጨለፉ።

አንድ ዓመት ግን ከቡሬዎች ጋር ሲጫወቱ የአንዱ ዱላ ጉልበታቸው ላይ አረፈና የጋሼ አምባዬ ሩጫ በዚያው አበቃ። ዛሬ ቢሆን አሰልጣኝ ሆኑ ይባል ነበር፤ ያኔ «የጨዋታ አባት» ነው የተባሉት። ከገበያው በታች ባለው ጨፌ ዳር አንዲት ድንጋይ አለቻቸው። እሷ ላይ ተቀምጠው ይጮኻሉ። «አትከማቹ! ሠርግ ቤት ነው እንዴ?» ይላሉ። «ግራው ክፍት ነው፣ ግራው!» ይላሉ። ሩጡ ሲሏቸው ካልሮጡ ወደ ኦሮምኛ ዞረው «ፊጊ! ፊጊ!» ይላሉ፤ ሜዳ ላይ አማርኛ ይንቀረፈፋል ባይ ናቸው። «እኔ ብሆን ይኼኔ…» የምትል ደግሞ አለች፤ እሷ ትጀመራለች እንጂ ስታልቅ የሰማ የለም።

መሸነፍ ያለ ነው፣ መቱም ተሸንፋ ታውቃለች። ጋሼ አምባዬ ግን አንድም ቀን ተሸንፈው አያውቁም። ወይ ሜዳው ዘንበል ብሏል፣ ወይ ፀሐይዋ ለጎሬ አድልታለች። ቤትም ያው ናቸው። አንዴ ሚስታቸውን ይዘው ለለቅሶ ኖፓ ሲሄዱ ጠፍተው፣ ጫካ ለጫካ ሲደናበሩ ውለው፣ በመጨረሻ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «ይህን መንገድ ማነው ያዞረው?» እትዬ ሀረገወይን «ተሳሳትኩ» የምትለዋን ቃል ከባላቸው አፍ ቢሰሙ ለማርያም ጧፍ ተስለው ነበር። ማርያምም ዝም አለች።

ጣሊያን ከመግባቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ከጋምቤላ በመጣ የነጋዴ ጭነት ውስጥ አንዲት የቆዳ ኳስ ጎሬ ገባች። ጎሬ የሹማምንቱ ከተማ ናትና ኳሷም እንደ ወጉ ሹም ቤት አረፈች። ሹሙ ግራዝማች ሸዋንግዛው ይባላሉ፤ ገና ጎልማሳ ናቸው፣ አዲስ አበባ ሳሉ ከፈረንጆች ጋር ተራግጠዋል። እሳቸው ራሳቸው የጎሬን ልጆች አሰልፈው፣ ከጥምቀት በኋላ ባለው እሑድ መቱ ወርደው አብረው ሊጫወቱ መልእክት ላኩ።

ያን ጊዜ የመቱ ጎረምሶች መከሩ። ቡና ጫኙ ዳምጤ፣ ከሁሉም ፈጣኑ፣ ተልኮ ጋሼ አምባዬ ቤት መጣና አንገቱን ደፍቶ ቆመ።

«ጋሼ፣ ልጆቹ ምን ይላሉ… ይኼ የእግር ጨዋታ ነው፣ የዱላ አይደለም ይላሉ። የዘንድሮውን እርስዎ ይምሩን። ከተሸነፍን ግን ስልከኛው ሙሉብርሃን የጨዋታ አባት ይሁን ይላሉ። እሱ ደንቡን ያውቃል ይላሉ።»

«አንተስ ምን ትላለህ?»

«እኔማ ምን እላለሁ ጋሼ? ተልኬ ነው እንጂ።»

«እግርም ያው ዱላ ነው። ሂድና ንገራቸው» አሉ ጋሼ አምባዬ።

ልጁ ሲወጣ ግን እራታቸውን አልነኩም። እሳቱን እያዩ ዝም ብለው ተቀመጡ። እትዬ ሀረገወይን ያን ዝምታ ሲያዩ ገበታውን መልሰው ወደ ባላቸው ገፋ አደረጉ። ስንት ዓመት «ምናለ አንድ ቀን ዝም ባሉ!» ሲሉ የኖሩ ሴትዮ ናቸው። አሁን ግን ያቺን ድንጋይ ከወሰዱባቸው ሰውዬው ደርቀው እንደሚቀሩ ገባቸው፤ ፈሩላቸውም።

ከማግስቱ ጀምሮ ጋሼ አምባዬ ልጆቹን እያስለፉ ያለማምዱ ጀመር። በገና ጨዋታ ሹመት አይሠራም። ሹሙ ካባውን ሲያወልቅ ማዕረጉንም አብሮ ያወልቃል፤ ሎሌው የጌታውን ቅልጥም ቢለጋው፣ በግጥም ቢሰድበው፣ የሚቆጣ የለም። ጋሼ አምባዬ በዚህ ወግ ያደጉ ሰው ናቸውና ዳምጤን ዕለት ዕለት ይመክሩታል፦ «ግራዝማቹን አትፍራቸው! ሜዳ ላይ ጌታ የለም። ጠልፈህ ጥለህ እለፍ! ሲወድቁም አንጎራጉርባቸው!»

እሑድ ደረሰ። ጨፌው ዙሪያውን በሰው ተከበበ። እትዬ ሀረገወይን ከጎረቤታቸው ከጥሩአየሁ ጋር ከባላቸው ድንጋይ አጠገብ ተቀመጡ። ጨዋታው ፀሐይ ጋራውን እስክትነካ ነው። መጀመሪያ ጎሬዎች በመቱ በር አስገቡ፤ ቆይቶ መቱዎች መለሱ። ጋሼ አምባዬ ድምፃቸው ጎሬ ድረስ ይሰማል። ያኔ ግራዝማች ሸዋንግዛው ኳሷን ይዘው ሲመጡ ዳምጤ በምክሩ መሠረት እግራቸውን ጠልፎ ጣላቸው። ጭቃው ላይ በግንባራቸው ተዘረሩ። ይህም አልበቃ ብሎ ዳምጤ እላያቸው ላይ እስክስታ እየመታ፦

«የጎሬው ጌታ ምን አስቸኮላቸው፣
የመቱን ጭቃ ሳመ ግንባራቸው!»

የሳቀ አልነበረም። ዕለቱ ገና አይደለም፤ ከጥምቀት በኋላ ያለ እሑድ ነው። የግራዝማቹ አሽከሮች ዳምጤን በክንዱ ይዘው ጎተቱት፣ አንዱ ጅራፍ ፈታ። ዳምጤ ዓይኑን ወደ ድንጋዩ ብቻ ላከ።

ጋሼ አምባዬ እያነከሱ ወደ መሀል ገቡ። ነጠላቸውን አደግድገው ከግራዝማቹ ፊት ቆሙ።

«ጌታዬ፣ ልጁ ያደረገው እኔ ያስተማርኩትን ነው። የገናን ወግ ገና ባልሆነ ቀን አስተማርኩት። ተሳሳትኩ። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ጅራፉም በእኔ ጀርባ ይረፍ።»

እትዬ ሀረገወይን የጥሩአየሁን እጅ ጨበጡ። «ምን አሉ? ሰማሽ ምን እንዳሉ?»

«ተሳሳትኩ አሉ።»

«ውይ በሞትኩት! ታመው ይሆን?»

ግራዝማች ሸዋንግዛው ጭቃቸውን ከፊታቸው ጠረጉ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ደግሞም ያንን ድምፅ ከጠዋት ጀምሮ ጆሯቸው ሲሸከመው ውሏል። ሽማግሌውን ትንሽ አዩአቸው።

«ጀርባዎን ምን አደርገዋለሁ? እኔ የምፈልገው አፍዎን ነው። ልጁ ይጫወት። እርስዎ ግን ጨዋታው እስኪያልቅ አንዲት ቃል እንዳትወጣዎ። ከወጣችዎ ዳምጤ ይገረፋል።»

ጎሬዎች በሳቅ ፈረሱ። የመቱ ሰው ግን አልሳቀም፤ «ጅራፉ ይሻል ነበር» አሉ እትዬ ሀረገወይን በለሆሳስ።

ጋሼ አምባዬ ድንጋያቸው ላይ ተመልሰው የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ውስጥ ጎሰጎሱ። የመቱ ልጆች ያለዚያ ጩኸት ሲጫወቱ የመጀመሪያቸው ነው። እረኛ እንደሌለው መንጋ አንድ ጥግ ታጎሩ፤ ኳሷን ባገኙ ቁጥር ወደ ድንጋዩ ይዞራሉ፣ ሲዞሩ ይነጠቃሉ። ሽማግሌው ሁሉንም ያያሉ። ዓይናቸው ይፈጣል፣ የአንገታቸው ሥር ይገተራል፣ ላባቸው ይወርዳል። ግራው ክፍት ነው። ጎሬዎች እየገፉ መጡ፤ ፀሐይዋ ጋራው አናት ላይ ናት። ከአሁን በኋላ አንዲት ቢያስገቡ ድንጋይዋም ማዕረጉም ሄደ።

«አትከማቹ! ሠርግ ቤት ነው እንዴ?»

ጨፌው ሁሉ ዞረ፣ አሽከሩም ጅራፉን አነሣ። እትዬ ሀረገወይን ነበሩ፤ ከተቀመጡበት ተነሥተው፣ መቀነታቸውን ጠበቅ አድርገው ቆመዋል። እሳቸውን ማን ከለከላቸው?

«አንተ ጅል፣ ተመለስ! በሩን ማን ይጠብቅልህ? ግራው ክፍት ነው፣ ግራው! ፊጊ ዳምጤ፣ ፊጊ!»

ከየት አመጡት? ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ ወጥ ሲያማስሉ፣ ፈትል ሲፈትሉ፣ ለመተኛት ጋደም ሲሉ፣ «ኤጭ፣ ማን ይሰማዎታል!» እያሉ የሰሙት ነው። ለካ አንዲት ቃል መሬት አልወደቀችም። ልጆቹ የለመዱትን ትእዛዝ ሲሰሙ ነፍሳቸው መለስ አለች። ተበተኑ፣ ግራውን ዘጉ፣ ኳሷን ከበራቸው እያራቁ እየጠለዙ አመሹ። ፀሐይዋ ጋራውን ስትነካ አንድ ለአንድ ነበሩ። ጎሬን ለሚያውቅ ሰው ይህ ማሸነፍ ነው፤ መቱም እንደዚያው ጨፈረች። ስልከኛው ሙሉብርሃን ራሱ ከጨፋሪዎቹ አንዱ ነበር።

ግራዝማች ሸዋንግዛው እየሳቁ ወደ ድንጋዩ መጡ። «ፈትቼዎታለሁ። በሉ አሁን ይናገሩ!»

ሰው ሁሉ ተጠጋ። ነገሩ ሌሊቱን ሁሉ እንደማያልቅ የሚያውቁት ጎረምሶች ሣሩ ላይ ተመቻችተው ተቀመጡ። ጋሼ አምባዬ ነጠላውን ከአፋቸው አወጡ። ሜዳውን አላዩም፣ ዳምጤንም አላዩም። ያዩት ጉሮሯቸውን ይዘው የቆሙትን ሚስታቸውን ነበር።

«ሀረግ፣ ድምፅሽ ተዘግቷል እኮ» አሉ። «ኧረ እናንተ፣ ውሃ ስጧት!»

ሌላ ምንም አልተናገሩም። እትዬ ሀረገወይን የመጣላቸውን ቅል ተቀብለው ሳይጠጡ ቆሙ፤ ጎረቤታቸው ጥሩአየሁ ምን ነካዎት ብትላቸው፣ ድምፅ የላቸው፣ እንባቸውን ብቻ በመዳፋቸው ጠረጉ።