የጓድ ጓንጉል የእግር ጉዞ

የዋግ አውራጃ አስተዳዳሪ ጓድ ጓንጉል፣ ውፍረት እንዲቀንሱ ተብሎ ሆዳቸው በቀዶ ሕክምና ከመጥበቡ በፊት በየቀኑ አሥር ኪሎ ሜትር በእግራቸው ይጓዙ እንደነበር በገዛ እጃቸው ሞልተው የፈረሙት የሕክምና ቅጽ ያስረዳል። የሰቆጣው ባለሱቅ ሙሄዲን ደግሞ ጓዱ ይራመዱ የነበረው ከቢሯቸው በር እስከ በቅሎዋ ድረስ ስምንት እርምጃ፣ ዝናብ ከጣለ አምስት ብቻ ነው ይላል። በቅሎዋ የሙሄዲን ናት፤ “ለአብዮቱ ሥራ” ተብላ ከተወሰደች ሁለት ዓመት ሆኗታል። ስለዚህ ቃሉ ከግል ጥቅም የጸዳ ነው ለማለት ያስቸግራል። ቅጹ ግን ማኅተም አለበት።

የዋግ ሕዝብ ሐኪም ሳይነካው ሆዱ የጠበበ ነውና፣ ለዚህ ጉዳይ ወደ ወዳጅ ሶሻሊስት አገር የተላከው የመጀመሪያው ሰው ጓድ ጓንጉል ሆኑ። አውራጃው በጭብጨባ ሸኛቸው። የውጭ ሐኪሞቹ ሆዳቸውን ቆርጠው ሰፉና፣ “በቀን አሥር ሺህ እርምጃ ካልተቆጠረ ውፍረቱ ይመለሳል” ብለው የእርምጃ መቁጠሪያ ሰጥተው መለሷቸው።

ጓዱ መመሪያውን በጥልቀት አጠኑት። እርምጃው ይቆጠር ይላል እንጂ የማን እርምጃ እንደሆነ አይዘረዝርም። መቁጠሪያውን በበቅሎዋ የፊት እግር ላይ አሰሩት።

በሳምንቱ ሙሄዲን ቢሯቸው ገባ።

“ጓድ፣ ሐኪም በእግርዎ ይሂዱ ካለዎት በቅሎዬን ይመልሱልኛ! ከአበርገሌ ማሽላ የማመጣበት አጥቼ ሱቄ ባዶውን ቀረ። ልጆቼን ምን ላብላ?”

“በቅሎዋ ሕክምና ላይ ናት።”

“ምን አገኛት?”

“እሷን ምን ያገኛታል? እኔን እያከመች ነው።”

“እንግዲያውስ ለእሷም ቅጽ ይሞላላት። የከሳችው እሷ ናት።”

ወሩ ሲያልቅ ለክፍለ ሀገሩ ሪፖርት ተላከ፤ በቀን ሃያ ሁለት ሺህ እርምጃ። ሪፖርቱ ተጋንኗል የሚል ካለ ይሳሳታል፤ የበቅሎዋ ሦስቱ እግሮች እንኳ አልተቆጠሩም። በዚያው ወር የጓዱ ቀበቶ ከሕክምናው በፊት ወደነበረችበት ቀዳዳ ተመለሰች።

ክፍለ ሀገሩ በውጤቱ ተደነቀ። ጓድ ዋሴ የተባሉ ተወካይ ልኮ፣ ጓድ ጓንጉል ሰፊውን ሕዝብ እየመሩ በዋግ ቆላ እስካለችው ዝቋላ ድረስ በእግር እንዲዘምቱ ወሰነ። በዘመቻው ዕለት ሕዝቡ አደባባይ ሞልቶ ሲጠብቅ፣ ጓድ ጓንጉል በሁለት ሰው ተደግፈው ኮርቻ ላይ ሲወጡ ተወካዩ ደረሱ። በበቅሎዋ እግር የታሰረውን መቁጠሪያ አዩ።

“ይህ ምንድን ነው?”

“ጓድ ጓንጉል ናቸው፤ እየተራመዱ ነው” አለ ሙሄዲን።

ሕዝቡ ሳቀ። ጓድ ዋሴ አልሳቁም።

“ሁለት መንገድ አለዎት፣ ጓድ” አሉ። “አሁኑኑ ወርደው ሕዝቡን እየመሩ ዝቋላ ድረስ በእግርዎ ይሂዱ፤ ሪፖርቱም ይጸናል፣ በቅሎዋም ለጽሕፈት ቤቱ ትቀራለች። አለዚያ የተራመደችው በቅሎዋ መሆኗን አምነው በሕዝብ ፊት ግለ ሂስ ያቅርቡ፤ በቅሎዋ ለባለቤቷ ትመለሳለች፣ የእርስዎም ሹመት ይታያል።”

ሙሄዲን በቅሎዋ እንዳትቀርበት ሰጋ። ሹመቱን የሚወድ ሰው ተንፏቆም ቢሆን ዝቋላ እንደሚደርስ ያውቃል።

ጓድ ጓንጉል ከበቅሎዋ ወረዱ። ወደ ዝቋላ የሚወስደውን መንገድ ቁልቁል እስኪሰወር ድረስ በዓይናቸው ተከተሉት። ዓይናቸው እንኳ ደከመው።

“ግለ ሂሱን መርጫለሁ” አሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። “ወንበር አምጡልኝ።”