ሳይቆረጥ የማይዋጥ ቃል

የጋሽ ሰብሃት ተራ ቀን ለኪስ ርካሽ ነበር፤ ጠዋት አንድ ሻይ፣ አለቀ። ወጪያቸው ሁሉ ከጉሮሮ ነው። የሰው አፍ ካላረመ ምሳው የማይወርድለት ሰው ከየሰፈሩ አይጠፋም፤ የቦንጋው ግን ጡረታ የወጣ መምህር ስለሆነ ባሰ።

ጎረቤታቸው ማዕረግ ልጇን አዝላ ልብስ ስታሰጣ ጠብቀው ይይዟታል። «ፓ–ራ–ሲ–ታ–ሞል በይ። ቃል ሳይቆረጥ አይዋጥም።»

አንገታቸው ላይ እንቅርት የወጣ ጊዜ፣ ሆላንድ ያለችው ልጃቸው አብርሆት የዚያን አገር የሕክምና ስሙን በስልክ ነገረቻቸው። እንቅርት የሚለው ለክብራቸው አንሶ ኖሮ በደስታ ሰከሩ፤ ወዲያው ማዕረግን ያዟት።

«ስኺልት–ክሊር–ፈር–ኽሮ–ቲንግ። አምስት ቁራጭ። የመጀመሪያዋን አጥብቂ፤ ኽን ጉሮሮሽን እንደምትጠርጊ አውጪያት።»

የባጃጁ ሙሌ «ጋሼ፣ እንቅርት ነው በቃ» ቢላቸው ቃሉን ካላለው አልወርድም አሉ።

«ሰው እየጠበቀኝ ነው እኮ።»

«እሱም ይማራላ።»

ለለቅሶ ወደ ዋጫ ሲሄዱ ሚኒባሱን ሙሉ በአንድ ድምፅ አስባሉት፤ ለቀስተኛው እየሳቀ ወረደ።

ማዕረግ ግን ትጨቀጭቃቸው ነበር። «ስሙን አወቅነው፤ መቼ ነው የሚያስወጡት?»

«አንቺ ገና ሦስተኛዋን ትሰብሪያለሽ።»

እንዲህ እንዲህ ሲባል የቀዶ ሕክምናው ቀጠሮ አለፈ። እብጠት ትምህርት እስኪያልቅ አይጠብቅም፤ ትንፋሽ ሲከለክላቸው ሄደው አስወጡት። ሐኪሙ ስለዘገዩ የድምፃቸው ጅማት ሊጎዳ እንደሚችል ቀድሞ ነግሯቸው ነበር። እሳቸው ተረፉ፤ ያ ድምፅ ግን ሹክሹክታ ሆኖ ተመለሰ።

አሁን ሰፈሩ ጭር ብሏል። ሙሌ ሆን ብሎ አጠገባቸው ቃል ያበላሻል፤ የሚያርመው የለም። አፋቸውን ሲከፍቱ ሰው አዝኖ ይቀድማቸዋል፤ «ሻ» ሲሉ ሻዩ ይመጣል።

ባለፈው ሳምንት ማዕረግ ልብስ ልታሰጣ ስትወጣ በሯ ላይ ቆመው «ስኺልት… ክሊር…» ብለው ትንፋሽ አጠራቸው። እሷም «ፈር–ኽሮ–ቲንግ» ብላ ጨረሰችላቸው፤ አንዲት አልሰበረችም። የሚኮሩባት መስሏት ነበር። ፊታቸው ጠቆረ።

ጠጋ ብለው፣ «ልጄ፣ ድምፅዎን ካሠሩት ሊመለስ ይችላል ብሎኛል ሐኪሙ። እናንተ ከጨረሳችሁልኝ እኔ በምን ላሠራው?» አሏት።

ልጇን ከጀርባዋ አውርዳ፣ እሳቸውንም አስቀምጣ አጠገባቸው ተቀመጠች። ልብሱ ሳይሰጣ ቀረ።

እናንተም ቦንጋ መጥታችሁ፣ ቃል ጀምረው መንገድ ላይ የቆሙ ሽማግሌ ካያችሁ፣ እባካችሁ አትቀድሟቸው። ብትቸኩሉም፣ ቃሉን ብታውቁትም፣ እስኪጨርሱ ቁሙላቸው።