ከዘመድ በላይ የሚያለቅስ ሰው

ትንሿ ልጄ ሰብለ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስትመለስ፣ «እማዬ፣ ፖሊሱ በሞንታርቦ ሲናገር ሌባውም ይሰማዋል አይደል?» ብላ ጠየቀችኝ። ሳጅን ይበልጣል ሞንታርቦውን ባጃጅ ላይ አስሮ፣ ዛሬ ጥበቃው የሚጠናከረው በገበያው በኩል ነው እያለ ሲያልፍ ሰምታው ነው። ምን ልበላት? እኔ የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ይህ ጥያቄ ደግሞ እስከዚያ ድረስ አልመጣም። ሌባው ያን ሰዓት ሥራ ላይ ስለሚሆን አይሰማም ብዬ አለፍኩት።

ሳጅን ይበልጣልን ማማቴ እንዳይመስላችሁ። እንጅባራ ውስጥ እንደሱ ለሕዝብ የሚጨነቅ ፖሊስ አላየሁም። የሰማውን ወንጀል ለራሱ አያስቀርም። በባጃጅ ይናገራል፣ በቴሌግራም ይልካል፣ እሑድ ቅዳሴ ሲያልቅ ከካህናቱ ቀጥሎ ቆሞ ይናገራል፤ ያውም በአማርኛ የጨረሰውን በአዊኛ ይደግመዋል። አንዴ ስለ ተሰረቀ ፈረስ ደጋግሞ ከመንገሩ የተነሣ፣ ፈረሱ ተገኝቶ ባለቤቱ እላዩ ላይ ተቀምጦ ወደ ቤቱ ሲሄድ፣ ሰው ባየው ቁጥር ከነፈረሱ እየያዘ ለፖሊስ ያስረክበው ነበር።

ታዲያ አንድ እሑድ ያመጣው ወሬ ከዚያም ባሰ። አንዲት ሌባ ለቅሶ ቤት ለቅሶ ቤቱን እያሰሰች ነው አለን። ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ጥቁር ዣንጥላ ይዛ ትገባለች፤ ስትወጣ ግን የሰው ስልክም ይሁን ጋቢ ያገኘችውን ይዛ ነው። እርስ በርስ ተያየን። የእንጅባራን ዝናብ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ እዚህ አገር ጥቁር ዣንጥላ ያልያዘች ሴት ብትገኝ የምታጠራጥረው እሷ ናት። ሳጅን ይህ ሳይገባው አልቀረም፣ ዋናውን ምልክት ጨመረልን። «ከዘመድ በላይ የምታለቅስ ሴት ካያችሁ ቶሎ ጠቁሙ» አለ።

እስቲ አሁን ይህ ለእኛ የሚነገር ነገር ነው? እኛ ዘንድ ለቅሶ ቤት ገብቶ ዓይኑን ሳያርስ የወጣ ሰው ስሙ ሲነሣ ይከርማል። ከዘመድ በላይ ማልቀስ ጉርብትና ነው። እኔማ እንባዬ ቅርብ ነው፤ ለጎረቤት በሬም አልቅሼ አውቃለሁ።

በዚያው ሳምንት እትዬ ዘነቡ ዐረፉ። ዕድሜ ጠግበው፣ ቆርበው፣ ልጆቻቸውን መርቀው ነው የሄዱት። ጎረቤቴ ብቻ አልነበሩም። ትዳር ስይዝ ቤት አያያዝ ያሳዩኝ፣ ስወልድ ወገቤን የደገፉኝ እሳቸው ናቸው። ታዲያ ሁልጊዜ፣ ስሞት አደራ ደኅና አድርገሽ አልቅሽልኝ፣ የእኔ ልጆች ዓይናቸው ደረቅ ነው ይሉኝ ነበር። እሺ ብያቸዋለሁ። እሺ ያልኩትም በእመቤታችን ስም ነው።

ከቀብር መልስ ድንኳኑ ሞላ። ሰው አለ፣ ለቅሶ የለም። ሁሉም አጠገቡ ያለውን በጎን እያየ ዕቃውን ታቅፎ ተቀምጧል። አንዷን ሳግ ሊይዛት ሲል ጎኗ ያለችው ዞር ብላ ታያታለች፤ እሷም ጉንፋን ነው ብላ ትውጠዋለች። ልጆቻቸውስ? ዘመድ ናቸውና ይፈቀድላቸው ነበር፤ ነገር ግን እናታቸው እንዳሉት ነው፣ ጠብ አይልላቸውም። እነሱ ካላለቀሱ ደግሞ፣ አንዲት ዘለላ ያፈሰሰ ሁሉ ከዘመድ በላይ አለቀሰ ማለት ነው።

እኔም ታገሥኩ። እመቤቴ ሆይ፣ ወይ እንባዬን ያዢልኝ፣ ወይ ስሜን ጠብቂልኝ ብዬ ጸለይኩ። ድንገት ቀና ስል የእትዬ ዘነቡ በርጩማ ጥግ ላይ ባዶውን ተቀምጧል። ከዚያ በኋላ ምን ልበላችሁ፣ ከእንግዲህ ወጥሽ ጨው በዛው ብሎ ማን ይቆጣኛል እያልኩ ድንኳኑን አናወጥኩት።

ሴቶቹ ቦታ ሲለቁልኝ አክብረውኝ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ዕቃቸውን እያራቁ ነው። አጥር የምንጋራው ማንጠግቦሽም ስልኳን አውጥታ በሹክሹክታ ስታወራ አየኋት። ለወንድሟ መርዶ የምትነግር መሰለኝና፣ ለእሷም ጨምሬ አለቀስኩላት።

ብዙም ሳይቆይ ሳጅን ይበልጣል መጣና በትሕትና ወደ ደጅ ጠራኝ። ዓይኔ እንዳበጠ፣ ከበሩ ሥር ዣንጥላዬን አንሥቼ ወጣሁ። ለሟች ምናቸው ነዎት ሲለኝ ጎረቤት ነኝ አልኩት። ጎረቤት ከዘመድ ይቆጠር እንደሆነ መመሪያው አልነገረውም መሰለኝ፣ ቆሞ አሰበ። ይኸኔ ማንጠግቦሽ ከኋላው ብቅ ብላ፣ «ዣንጥላዬንም ይዛዋለች» አለች።

ወይ ጉዴ! እውነቷን ነው። እጀታው ላይ ቀይ ክር ያሰረችበት የራሷ ነው። ከዚያ ሁሉ የጥቁር ዣንጥላ ክምር በእንባ ዓይን የራስን መርጦ ማንሣት ይቻላል?

«እትዬ የሺ፣ እኔ እርስዎን አልጠረጥርም። ግን ምልክቱ ሁሉ ገጠመ» አለኝ ሳጅን፣ አዝኖ።

«ልጄ፣ ዣንጥላውማ የሁላችንም አንድ ነው፤ እኔን የለየኝ ማልቀሴ ነው። ማሰሩን እሰረኝ፣ ግን መጀመሪያ ልጨርስ። የሟች አደራ አለብኝ» አልኩት።

ግራ ቢገባው ወደ አለቆቹ ደወለ። ፊቱ ሲለዋወጥ ታየኝ። ለካ ሌባዋ ሌላ ወረዳ ውስጥ ከተያዘች ሰንብታለች። መልእክቱ ከስልክ ስልክ ሲንከራተት እኛ ዘንድ የደረሰው እሷ ከታሰረች በኋላ ነው። ሳጅን ይቅርታ ጠየቀኝ፣ ማንጠግቦሽ አንገቴን አቀፈችኝ፣ እኔም ተመልሼ ገብቼ የቀረኝን አለቀስኩ። ማንጠግቦሽ በእፍረት አብራኝ ስታለቅስ፣ ድንኳኑ ለእትዬ ዘነቡ የሚገባውን ያህል ባይሆንም ትንሽ ረጠበላቸው።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ምን ነበረበት? ሳጅን ግን ኅሊና ያለው ሰው ነው፤ ስምዎን ሳላነጻ አላድርም አለኝ። ባጃጁን አስነሥቶ ከመናኸሪያው እስከ ገበያው፣ «በለቅሶ ቤት ተጠርጥረው የነበሩት ወይዘሮ የሺ ሌባ አይደሉም፤ ለቅሷቸውም በፖሊስ ተጣርቶ እውነተኛ ሆኖ ተገኝቷል» እያለ ዞረ። ከዚያ በአዊኛ ደገመው። መጠርጠሬን የሚያውቀው አንድ ድንኳን ሰው ነበር፤ ሌባ አለመሆኔን ግን አገር ሰማ። አመሻሹ ላይ ዳንግላ ያለችው እህቴ ደውላ፣ «ምን ወስደሽ ነው ሌባ ያልሆንሽው?» ብላ ጠየቀችኝ። ለእኔ ሲቸኩል ደግሞ ሳጅን አንድ ነገር ረስቷል፤ ሌባዋ መያዟን አልተናገረም።

በማግስቱ ጠዋት ኪዳን አድርሼ ስመለስ አንድ ጎልማሳ ደጄ ላይ ባጃጅ አቁሞ ይጠብቀኛል። የመጣው ከጥርባ ነው። አጎቱ ዐርፈው ድንኳኑ ሞልቷል፣ ግን ሰው ሁሉ ማስጠንቀቂያውን ሰምቶ የሚያለቅስ ጠፋ አለኝ። «በፖሊስ የተፈቀደላቸው እርስዎ ብቻ ነዎት ስላሉን ነው።»

ሌባዋ እኮ ተይዛለች፣ ዝም ብላችሁ አልቅሱ አልኩት። እሱ በሞንታርቦ አልተነገረም አለኝ።

ምን አደርጋለሁ? ነጠላዬን አዘቅዝቄ ባጃጁ ውስጥ ገባሁ። የሟቹን ስም የጠየቅሁት ጥርባ ልንደርስ ስንል ነው።