ሦስት ሞተር፣ አንድ አልጋ

(ትንሽ የመኝታ ክፍል። ቀይ፣ ጥቁርና አረንጓዴ አሮጌ ሞተር ሳይክሎች አንድ አልጋ ከበው ቆመዋል። ጥቁሩ ከፊት በኩል ጎማ ስለሌለው በጡብ ተደግፏል። አልጋው ላይ፣ ትራሱ መሃል፣ የሞተር መሪ ተጋድሟል። የቤቱ አባወራ ጋሼ በእርጥብ ፎጣ ቀይዋን ሊጠርግ ሲል የሚስቱ ወንድም አማች እጁን ይይዘዋል።)

አማች፦ አትጥረጋት አልኩህ እኮ፣ ጋሼ።

ጋሼ፦ ከሰዓት ገዢ ሊመጣ ነው። በአቧራ እንቀበለው?

አማች፦ የሚሸጠው አቧራው ነው። ገዢ አቧራ ሲያይ «ይሄ ሰውዬ ምን እንዳለው አያውቅም» ብሎ ይቋምጣል። ስትወለውላት ግን ዝገቱ ነው የሚወጣው። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል አሉ።

ጋሼ፦ ጥቁሩን ጠዋት አጥቤዋለሁ።

አማች፦ እንግዲያው አቧራ አልብሰው።

ጋሼ፦ ከውጭ ላምጣ ወይስ አልጋው ሥር ያለው ይበቃል?

አማች፦ ተወው። ተወው በቃ። ገዢው «ይነሳል ወይ?» ቢልህ ምን ትለዋለህ?

ጋሼ፦ አይነሳም እለዋለሁ።

አማች፦ እንደሱ አይባልም። «ሰሞኑን አልሞከርኩትም» ነው የሚባለው።

ጋሼ፦ ስሞክረው አይደል እንዴ የከረምኩት? ቁርጭምጭሚቴ ያበጠው በምን መሰለህ?

አማች፦ በል «ትንሽ ነገር ነው የሚፈልገው» በለው።

ጋሼ፦ እሱስ እውነት ነው። ለቀይዋ ትንሽ ነገር ስፈልግ ነው ጥቁሩን ያመጣሁት። ለጥቁሩ ትንሽ ነገር ስፈልግ ደግሞ አረንጓዴዋ መጣች።

አማች፦ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

ጋሼ፦ ወረቀት ይሻላል። ወረቀት ይታጠፋል።

አማች፦ ስትቀልድ ነገ ደረሰ። ልጅቷ ጠዋት አይደል የምትገባው?

ጋሼ፦ ጠዋት ነው። ትናንት ደውላ «አባዬ፣ ክፍሌ አለ አይደል?» አለችኝ። «አለ» አልኳት። እዚሁ ቆሜ ነው ያልኳት፣ ያውም በአንድ እግሬ፤ ለሌላው ቦታ የለማ። አፈርኩ። ልጄ ልትወልድ ወደ ቤቷ ስትመጣ ትራሷ ላይ መሪ ተኝቶበታል። እህትህማ ቁርጡን ነግራኛለች፤ ወይ እነሱ ይውጡ፣ ወይ አብሬያቸው ልውጣ።

አማች፦ እህቴ አንተን ጠንቅቃ ታውቅሃለች። ለዚህ ነው እኔን ያስጠራችኝ።

ጋሼ፦ አዎ። «ወንድሜን ጥራው፣ እሱ ያወጣቸዋል» ነው ያለችኝ።

አማች፦ በል እንለማመድ። እኔ ሻጭ ነኝ፣ አንተ ገዢ ነህ። ውጣና አንኳኩተህ ግባ።

(ጋሼ ይወጣል። ያንኳኳል።)

አማች፦ ግባ ወንድሜ።

ጋሼ፦ (አንገቱን ብቅ አድርጎ) አልገባም፤ ቦታ የለም።

አማች፦ እሺ፣ እዚያው ሁን። ይቺን ቀይ ተመልከታት። እንዲህ ያለች ከእንግዲህ አትገኝም። የአሁኖቹ ቆርቆሮ ናቸው፤ ይቺ ብረት ናት።

ጋሼ፦ አልፈልግም።

አማች፦ ምን?

ጋሼ፦ ገዢ ነህ አላልከኝም? አልፈልግም። እቤት ሦስት ሞተር አለኝ።

አማች፦ እንደ ገዢ አስብ እንጂ፣ ጋሼ።

ጋሼ፦ ማሰቤ ነው። ያኔ እንዲህ ባስብ ኖሮ ዛሬ ልጄ አልጋ ነበራት።

አማች፦ (ተናዶ ቀይዋ ላይ ይወጣል) እንዴት ይቺን አልፈልግም ትላለህ? ዓይን የለህም? እስቲ እንዲህ ተቀመጥባት። በጠዋት፣ መንገዱ ጭር ብሎ፣ ነፋሱ ሸሚዝህን ሲነፋው። ሰፈርተኛው በየበሩ ወጥቶ «ማነው እሱ?» ሲል።

ጋሼ፦ ማነው?

አማች፦ (መሪዋን እያሻሸ፣ ቀስ ብሎ) እኔ ነኛ።

ጋሼ፦ ምን አልክ?

አማች፦ ምንም። ለገዢው ደውልና አይምጣ በለው።

ጋሼ፦ ምነው?

አማች፦ ይቺን ለማያውቅባት ሰው መስጠት ነውር ነው። እኔ እወስዳታለሁ። መቼም ለዘመድ ዋጋ አትጠራም።

ጋሼ፦ አልጠራም። (ይደውላል) ሄሎ። አትምጣ። አዎ፣ ሰው ተገኘላት። ተርፈሃል ወንድሜ። (ስልኩን ይዘጋል) ግን ሳልነግርህ እንዳትሄድ፤ የቀይዋ ካርቡራተር ጥቁሩ ላይ ነው።

አማች፦ ፍታልኛ።

ጋሼ፦ ዝጎ ተጣብቋል። እንዲሁ ቢጎተት ይሰበራል፤ በዘይት እያረሰረሱ ቀን መስጠት ነው።

አማች፦ እንግዲያው ጥቁሩም ይሂድ። ቤቴ ሆኜ ረጋ ብዬ እፈታዋለሁ።

ጋሼ፦ የጥቁሩ የፊት ጎማ አረንጓዴዋ ላይ ነው።

አማች፦ ታዲያ አረንጓዴዋን እዚህ ብቻዋን ልትጥላት ነው? ሰው አይደለህም እንዴ?

ጋሼ፦ መሪዋ ትራሱ ላይ ነው።

አማች፦ አቀብለኝ።

ጋሼ፦ ይሄ ጣሳ ሙሉ ብሎንስ?

አማች፦ የየትኛው ነው?

ጋሼ፦ እንጃ። ፈትቼ በገጠምኩ ቁጥር የተረፈ ነው።

አማች፦ አምጣው፣ ቦታውን አገኝለታለሁ። አየህ፣ አንተ የጎደለህ ዘዴ ነው።

ጋሼ፦ ቤትህ ቦታ አለ?

አማች፦ ሶፋውን ወደ ግድግዳ ጠጋ ማድረግ ነው። ለጊዜው እኮ ነው።

ጋሼ፦ ለጊዜው ከሆነ ደህና። ጫፉን ያዝልኝ።

(ሦስቱም ወጥተው ጋሪ ላይ ተጭነዋል። ጋሼ በባዶው ክፍል መሃል በሁለት እግሩ ቆሞ አንሶላውን ያራግፋል። አማች በመስኮት ብቅ ይላል። ሸሚዙ ግራሶ በግራሶ ሆኗል።)

አማች፦ አሁን አንድ ነገር ልንገርህ፣ እንዳይከፋህ።

ጋሼ፦ ንገረኝ።

አማች፦ ንግድ ማለት እንዲህ ነው። ሦስት ሞተር ሰተት አድርጌ ወሰድኩብህ፣ ያውም በነፃ፣ ያውም ራስህ ተሸክመህ ጫንክልኝ። ከዚህ በኋላ እንዲህ አትሞኝ፣ ጋሼ።

ጋሼ፦ (ትራሱን እያስተካከለ) ከዚህ በኋላስ አልሞኝም። እኔም የመጀመሪያዋን ያመጣኋት በነፃ ነበር።